ሆን ብሎ ቀሽም ፊልም መሥራት ያዋጣል?

ጥያቄ፦ «ጓደኛዬ "ይህን ሳታይ ፊልም አየሁ እንዳትል" ብሎ አንድ የጃፓን ዞምቢ ፊልም ሰጠኝ። "ዋን ከት ኦፍ ዘ ዴድ" ይባላል። ሃያ ደቂቃ አይቼ ዘጋሁት። ትወናው ደረቅ ነው፤ ካሜራው ይንቀጠቀጣል፤ ደሙ ቀለም መሆኑ ያስታውቃል። ሰው ግን ያብድለታል። እኔና ሦስት ጓደኞቼ አዲስ አበባ ውስጥ አስፈሪም አስቂኝም የሆነ ፊልም ለመሥራት እያሰብን ነው። ብር የለንም። እኛም ሆን ብለን ቀሽም አድርገን ብንሠራው፣ እንደዚህ የራሱ አፍቃሪዎች ያሉት ከልት ፊልም ሊሆንልን ይችላል?»

መልስ፦ አይሆንም። ሆን ብለህ ያበላሸኸው ፊልም የተበላሸ ፊልም ነው የሚሆነው። ጥያቄህ ውስጥ ሦስት ነገሮች ተደባልቀዋል፤ ርካሽ መሆን፣ ቀሽም መሆን እና ከልት መሆን። ብዙ ሰው ሦስቱን አንድ ላይ ያያቸዋል፤ አንዱ ሌላውን የሚወልድም ይመስለዋል። አይወልድም። በዚያ ላይ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ በሚረዝም ፊልም ላይ በሃያ ደቂቃው ፈርደሃል።

ይህን ስል ጥፋቱን ሁሉ አንተ ላይ መጫኔ አይደለም። የፊልሙ አሠራር ራሱ ትዕግሥት የሌለውን ተመልካች ለማባረር የተመቸ ነው። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ምስጢሩን በከፊል ማውጣት ግድ ይለኛል። ቀሪውን ማየት ከፈለግህ እዚህ ላይ አቁም፤ አይተህ ተመለስ።

ፊልሙ ሦስት ክፍል አለው። የመጀመሪያው አንድም ቦታ ያልተቆረጠ የ37 ደቂቃ ቀረጻ ነው። አንድ የፊልም ቡድን ሰው በማይደርስበት አሮጌ የውሃ ማጣሪያ ውስጥ የዞምቢ ፊልም ይሠራል። እውነተኛ ዞምቢዎች ይመጡበታል። ዳይሬክተሩ ግን ጭራሽ ደስ ብሎት «ካሜራው አይቆምም!» እያለ ይቀጥላል። አንተ ያየኸው የዚህን ግማሽ ነው። ከዚያ የሠሪዎቹ ስም ይወጣል፤ ፊልሙ ያለቀ ይመስላል። ሁለተኛው ክፍል አንድ ወር ወደ ኋላ ይመልሰናል። ዳይሬክተሩ «ፈጣን፣ ርካሽ፣ ጥራቱም ምንም አይል» በሚል መፈክር የሚኖር ምስኪን አባወራ ሆኖ እናገኘዋለን። አንድ አዲስ የዞምቢ ቴሌቪዥን ጣቢያ ለመክፈቻው ድራማ እንዲሠራለት ይጠይቀዋል። በቀጥታ ሥርጭት፣ በአንድ ካሜራ፣ ያለ ምንም ቁርጥ። ሦስተኛው ክፍል ያንኑ 37 ደቂቃ ከካሜራው ጀርባ ሆነን እንድናይ ያደርገናል።

ጉዱ ያለው እዚያ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ላይ ሰዎቹ ሞት በር ላይ ቆሞ ስለ ትርፍ ጊዜያቸው ያወራሉ። የሜካፕ ባለሙያዋ ራስን የመከላከል ስፖርት እንደምትወድ ትናገራለች፤ እንቅስቃሴውንም ታሳያቸዋለች። ወሬው ይደርቃል። ሰው ሁሉ ዝም ይላል። አንተ «ምን ዓይነት ደደብ ስክሪፕት ነው» ብለሃል፤ ልክ ነህ፣ እንዲህ እንድትል ነው የተጻፈው። ሦስተኛው ክፍል ላይ ስናየው፣ መግባት የነበረበት ተዋናይ አልደረሰም፤ ተዋናዮቹ በቀጥታ ሥርጭት ላይ ሰዓት እየገደሉ ነው። ድምፅ ቀጂው ድንገት ተነሥቶ በር ከፍቶ የሚወጣበት ቦታም አለ። መጀመሪያ ስታየው ትርጉም የለውም። በኋላ ግን ሰውየው ሆዱ የሚችለው አንድ ዓይነት ውሃ ብቻ እንደሆነ፣ ይህንንም በጽሑፍ አስታውቆ እንደነበር፣ ሌላ ውሃ ጠጥቶ ሆዱ እንደታወከ እናውቃለን። ምስኪኑ የሚሮጠው ከዞምቢ አይደለም። ካሜራው መሬት ላይ ወድቆ ዝም ብሎ የሚቆይበት ቦታስ? ካሜራማኑ ወገቡ ተይዞ ነው። ከዚያ በኋላ ካሜራው ያለ ምክንያት እየቀረበ እየራቀ የሚያስቸግርህም፣ ለመቅረጽ ስትቋምጥ የኖረች ረዳቱ ተራው ደርሷት ነው።

የፊልሙ አሠራር በአጭሩ ይህ ነው፤ እያንዳንዱ ጉድለት ብድር ነው፣ ሁሉም በኋላ ከነወለዱ ይከፈላል። ሰው የሚያብድለት ቀሽም ስለሆነ አይደለም። ቀሽም ያለውን ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ተመልሶ ስለሚያስረዳው፣ መጨረሻ ላይም በሳቀባቸው ሰዎች ላይ ፍቅር ስለሚይዘው ነው። ክሬን ተሰብሮባቸው የመጨረሻውን ትዕይንት እንዴት እንደቀረጹት አልነግርህም። እሱን ራስህ እየው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንሂድ። ዳይሬክተሩ ሺንኢቺሮ ኡዌዳ ነው። ፊልሙ የተሠራው ቶኪዮ ካለ አንድ የትወናና የፊልም ትምህርት ቤት ጋር ነው። ተዋናዮቹ ማንም የማያውቃቸው፣ በትምህርት ቤቱ ወርክሾፕ የተሰባሰቡ ሰዎች ነበሩ። ባጀቱ 3 ሚሊዮን የን ገደማ፣ በጊዜው ምንዛሪ ከ30 ሺህ ዶላር በታች ነው። ቀረጻው የ8 ቀን ሥራ ነበር። በጃፓን ሲኒማ ቤቶች ያስገባው ግን ከ3 ቢሊዮን የን በላይ ነው። ይህን ቁጥር ሰው ሲያይ «በርካሽ ሠርቶ በላ» ይላል። ሌላውን ሂሳብ አያየውም። ኡዌዳ ገጸ ባሕርያቱን ከየተዋናዩ ጠባይ ጋር እያስማማ ነው የጻፈው። የሚደነግጥ ሰው የሚደነግጥ ሰው ሆነ፤ ክችች ያለው ክችች አለ። ገንዘብ አልነበረም፤ ሐሳብ፣ ልምምድና ትዕግሥት ግን በገፍ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ይህን ፊልም ያዩ ጀማሪዎች ወዲያው «እኛም በአንድ ቴክ እንሥራው፤ ኤዲቲንግ ይቀርልናል» ይላሉ። ስህተት ነው። ሳይቆረጥ የሚቀረጽ ፊልም ለድሃ ቡድን ከሁሉም የከፋው ምርጫ ሊሆን ይችላል። 30ኛው ደቂቃ ላይ አንድ ሰው ቃል ከሳተ 30 ደቂቃ ሙሉ ተቃጠለ። ደም የፈሰሰበት ሸሚዝ ታጥቦ እስኪደርቅ ወይም በሌላ እስኪተካ ድረስ ዳግመኛ መጀመር አይቻልም። ውጭ ስትቀርጽ ደግሞ ፀሐይ አትጠብቅህም። ሲኒማ ቤት የታየውን 37 ደቂቃ ለማግኘት ስድስት ጊዜ ቀርጸውታል። መጨረሻው ላይ ክሬዲቱ ሲሄድ እውነተኛው ቡድን እንዴት ሲሯሯጥ እንደነበር ያሳያሉ። ያንን ስታይ «ቀላል ነው» የሚለው ሐሳብ ከጭንቅላትህ ይወጣል።

«ሆን ብሎ ቀሽም» ወደሚለው ልመለስ። በቀሽምነታቸው የተወደዱ ፊልሞች አሉ፤ አልክድም። «ትሮል 2» የሚባለው የ1990ው ፊልም (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው እንደ ፈረንጆቹ ነው) ጥሩ ምሳሌ ነው። ስሙ ትሮል፣ ማለትም የተረት ጭራቅ፣ ይላል እንጂ ውስጡ አንድም ትሮል የለም። ጣሊያናዊ ዳይሬክተር አሜሪካ፣ ዩታ ሄዶ፣ ከአካባቢው ሰዎች ጋር የሠራው ነው። ከዓመታት በኋላ ሰው እየተሰበሰበ ሙድ ሊይዝበት የሚያየው ፊልም ሆነ። በልጅነቱ የተወነበት ልጅ አድጎ ስለዚሁ ነገር ዘጋቢ ፊልም ሠራበት። ግን ልብ በል፤ ሲሠሩት አንዳቸውም አልቀለዱም። ጥሩ አስፈሪ ፊልም እየሠሩ መስሏቸው ነው። ሳቁ የሚመጣው ካሰቡትና ከወጣላቸው መካከል ካለው ርቀት ነው። አንተ ከጅምሩ «ቀሽም ይሁን» ካልክ ያ ርቀት ይጠፋል። ተመልካች ደግሞ ይህን ለማሽተት አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። «ሳቁልኝ» ብሎ የሚለማመጥ ፊልም እንኳን ሊያስፈራ፣ ከደባሪ ኮሜዲም የባሰ ይደብራል።

ከልት የሚባለው ነገር ደግሞ ቀረጻ ላይ አይሠራም። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ተመልካች ነው የሚሠራው። «ዘ ሮኪ ሆረር ፒክቸር ሾው» የሚባለው ሙዚቃዊ ፊልም በ1975 ወጥቶ ኪሳራ ነበር። በ1976 ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ ሲኒማ ቤት እኩለ ሌሊት ላይ ማሳየት ጀመረ። ያው ሰው ደጋግሞ መጣ። እንደ ገጸ ባሕርያቱ ለብሶ መጣ። ለተዋናዮቹ መልስ እየጮኸ፣ ፊልሙ ውስጥ ሠርግ ሲደረግ ሩዝ እየበተነ፣ ዝናቡ ሲመጣ ጋዜጣ ራሱ ላይ እያደረገ ማየት ጀመረ። ይህን ሁሉ ስክሪፕት ውስጥ የጻፈው ሰው የለም።

የጃፓኑ ፊልምም መንገዱ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በኅዳር ወር 2017 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ቶኪዮ ውስጥ አነስተኛ አዳራሽ ላይ ለጥቂት ቀናት ታየ። በ2018 ሚያዝያ ላይ ጣሊያን፣ ኡዲኔ ከተማ በሚደረገው የሩቅ ምሥራቅ ፊልም ፌስቲቫል ተመልካች በሚሰጠው ድምፅ ሁለተኛ ወጣ። ሰኔ ላይ ቶኪዮ ውስጥ በሁለት ሲኒማ ቤቶች በመደበኛነት ተከፈተ። ከዚያ ያየው ላላየው ነገረ። በሚገርም ሁኔታ «ምንም ሳትሰማ ሂድና እየው» እያለ እንጂ ታሪኩን እያወራ አልነበረም። ተዋናዮቹ ትርኢቱ ሲያልቅ እየወጡ ተመልካቹን ሰላም ይሉ ነበር። ሁለቱ ሲኒማ ቤቶች ከ300 በላይ ሆኑ፤ ተመልካቹ ከ2 ሚሊዮን አለፈ። እንዲያውም ጥብቅ የሆኑ ሰዎች «2 ሚሊዮን ሰው ያየው ፊልም ምኑ ነው ከልት?» ይላሉ። ለጃፓን እውነት አላቸው። ከጃፓን ውጭ ግን አሁንም ጓደኛ ለጓደኛ በእጅ የሚያቀብለው ፊልም ነው። ላንተም የደረሰህ እንዲሁ ነው።

በ2022 ፈረንሳዊው ሚሼል አዛናቪሲዩስ ይህንኑ ታሪክ በታወቁ ተዋናዮች፣ በብዙ እጥፍ ገንዘብ ደግሞ ሠራው። የዚያ ዓመት የካን ፌስቲቫል የተከፈተው በእሱ ነው። ክፉ ፊልም አይደለም። በእኔ ዓይን ግን የሚጎድለው ነገር አለ። ገንዘብ ያለው ሰው ገንዘብ እንደሌለው ሲሆን የምታዝንለት አንጀት የለህም።

ከዚህ ለእናንተ የሚተርፍ አንድ ከባድ ገደብ አለ፤ ብዙ ሰው አያስበውም። የዚህ ፊልም አወቃቀር የሚሠራው ትኬት ቆርጦ ጨለማ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ነው። የከፈለ ሰው ተነሥቶ ለመውጣት ያመነታል፤ 37 ደቂቃውን ይታገሣል። ፊልማችሁን ዩቲዩብ ላይ የምትለቁት ከሆነ ግን እንዲህ ዓይነት መግቢያ ራስን ማጥፋት ነው። ተመልካቹ ጣቱ ስልኩ ላይ ነው። አንተ ራስህ ፊልም የምትወድ፣ ፊልም ልትሠራ የተነሣህ ሰው ሆነህ ሃያ ደቂቃ ነው የቻልከው። ሌላው ሦስትም አይሰጣችሁ። ስለዚህ ስክሪፕት ከመጻፋችሁ በፊት የት እንደምታሳዩት ወስኑ። ለስልክ ከሆነ የመጀመሪያው ደቂቃ ውስጥ ወይ የሚያስደነግጥ ወይ የሚያስቅ ነገር ይኑር።

ገንዘብ ማጣት ራሱን ወደ ጥቅም የመለወጡን ጉዳይ ደግሞ ከአሜሪካዊው ዳይሬክተር ከሳም ሬይሚ ተማሩ። «ዘ ኢቭል ዴድ» የተባለውን አስፈሪ ፊልሙን ሲሠራ ገና ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። ከጓደኞቹ ከብሩስ ካምቤልና ከሮበርት ታፐርት ጋር ቴነሲ ጫካ ውስጥ አንዲት አሮጌ ጎጆ ይዘው በብርድ ቀረጹት። ካሜራ ያለ ንዝረት የሚሸከም ውድ ዕቃ አልነበራቸውም። ካሜራውን ጣውላ ላይ አሰሩ፤ ሁለት ሰው ጣውላውን ግራና ቀኝ ይዞ በጫካው ውስጥ ሮጠ። ያ ከመሬት ዝቅ ብሎ የሚበርር እይታ የክፉ መንፈሱ ዓይን ሆነ። እስከ ዛሬ ሲኮረጅ ይኖራል። መንፈሱን ራሱን ማሳየት ቢጠበቅባቸው ኖሮ በዚያ ባጀት የሚስቅባቸው እንጂ የሚፈራላቸው አይገኝም ነበር። ኮሜዲው በደንብ የገባው ደግሞ በ1987 በሁለተኛው ክፍል ነው። ፍርሃትም ሳቅም አሠራራቸው አንድ ነው፤ ሰውን አስጨንቀህ አስጨንቀህ፣ ባልጠበቀው ሰከንድ ትለቀዋለህ። ሰከንዷን ከሳትካት ሁለቱም ይሞታሉ። ይህ ደግሞ ብር አይጠይቅም፤ ጆሮ ነው የሚጠይቀው።

ስለዚህ ያላችሁን ጥቂት ብር ደምና ጭንብል ላይ አትጨርሱት። ድምፅ ላይ አውሉት። የደበዘዘ ምስል ተመልካች ይምራል፤ የማይሰማ ንግግር አይምርም። ቀልድ ደግሞ ካልተሰማ የለም።

ዞምቢን በተመለከተ፣ ዞምቢ የማንም ንብረት አይደለም። የዛሬው ዓይነት ዞምቢ የተጀመረበት የአሜሪካዊው የጆርጅ ሮሜሮ የ1968ው ፊልም «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ሲወጣ አከፋፋዩ ርዕሱን ቀይሮ የመብት ማስታወቂያውን ሳይጽፍበት ስለቀረ፣ በጊዜው የአሜሪካ ሕግ ፊልሙ የሕዝብ ሆነ። ማንም እየተነሣ ዞምቢ የሚሠራበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እናንተም ብትጠቀሙበት ከልካይ የለም። ግን ጠይቁ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ዞምቢ የሚፈራ አለ ወይ? የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤቱን «ሰይጣን ቤት» ብሎ የጠራ ከተማ የራሱ ፍርሃት አያጣም። ሌሊት መብራት ሲጠፋ ኮሪደር ላይ የሚሰማ ኮቴ፣ ያላለቀ ኮንዶሚኒየም ባዶ ፎቅ፣ ማን እንደሚከፍተው የማይታወቅ ቧንቧ። እነዚህ ነፃ ናቸው።

ከአገር ቤት ፍርሃት ስትመርጡ ግን ቡዳን ተዉት። ቡዳ የሚለው ስም ለዘመናት ሸክላ ሠሪን፣ ቀጥቃጭን፣ ቤተ እስራኤልን ለማግለል የዋለ ስም ነው። በስሙ የተጎዳ ሰው ዛሬም አለ። ጠበል ቦታ ላይ የሚጮኹ ሕሙማንንም ለሳቅ አታምጡ፤ ብዙዎቹ የሚታከም በሽታ ያለባቸው ናቸው። እንዲህ ያለውን ድፍረት የሚለው ሰው አይጠፋም፤ እኔ ግን ስንፍና ነው የምለው።

አንድ ሌላ ጥንቃቄ ልጨምር፤ ጓደኛሞች ስለሆናችሁ በተለይ ይመለከታችኋል። ኡዌዳ ሐሳቡን ያገኘው ካየው የመድረክ ቲያትር መነሻነት ነበር። ፊልሙ ገንኖ ሲወጣ ከቲያትሩ ሰው ጋር የባለቤትነት ክርክር ተነሣ። ኋላ ላይ ስምምነት ላይ ደረሱ። ሳንቲም የማያስገባ ፊልም የሚጠይቀው የለም፤ ጭቅጭቁ የሚመጣው ሲያስገባ ነው። ሐሳቡ የማን እንደሆነ፣ ማን ጻፈ፣ ማን ካሜራ አመጣ፣ ገንዘብ ቢገኝ ማን ስንት ይወስዳል፤ ይህን ቀረጻ ሳይጀመር በአንድ ገጽ ጽፋችሁ አራታችሁም ፈርሙ። «በእኛ መካከል እንዴት ተደርጎ» የሚል ካለ መጀመሪያ እሱን አስፈርሙት።

ምክሬ እንግዲህ ይህ ነው። ሙሉ ፊልሙን አሁን አትጀምሩ። ሬይሚም አልጀመረም፤ በ1978 በ1,600 ዶላር ገደማ አጭር ፊልም ሠርቶ፣ እሱን እያሳየ ነው ገንዘብ የለመነው። እናንተም አንድ ቤት፣ አራት ሰው፣ አንድ ሌሊት ያለው የአሥር ደቂቃ ታሪክ ጻፉ። በምትችሉት ሁሉ አሳምራችሁ ሥሩት፤ ጉድለቱ በራሱ ጊዜ ይመጣል፣ ጥሪ አያስፈልገውም። ለጓደኞቻችሁና ለዘመዶቻችሁ አታሳዩ፤ እነሱ ስለሚወዷችሁ ይስቃሉ። ከማያውቋችሁ ሰዎች ጥቂቶቹን አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስቡና መብራት አጥፍታችሁ አሳዩ። ከኋላ ቁሙ፤ ስክሪኑን ሳይሆን ሰዎቹን እዩ። ስልኩን ያወጣው ስንተኛው ደቂቃ ላይ እንደሆነ፣ የት እንደሳቁ፣ መሳቅ ሲገባቸው የት ዝም እንዳሉ ጻፉ። ያንን ወረቀት ይዛችሁ ኤዲቲንግ ክፍል ግቡና ዝም ያሉበትን ቁረጡት።